ጋራዥ ከመግባታችሁ በፊት፦ የመኪናችሁን ሕመም ራሳችሁ የምትመረምሩበት መንገድ

በአምስት ወር ውስጥ ሁለት ባትሪ ገዝቻለሁ። ሁለቱም አዲስ፣ ሁለቱም ከነዋስትናቸው። መኪናዬ ግን ጠዋት ጠዋት ቁልፍ ሳዞር አንዴ «ጠቅ» ትልና ዝም። አንድ ጋራዥ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣውን ክፍል ጠርጥሮ «ሞተሪኖው ነው» አለኝ። አስፈታሁ፣ አሠራሁ፣ ከፈልኩ። ሳምንት ሳይሞላ ያው «ጠቅ»።

በመጨረሻ የሠፈራችን አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ መጡ። ወዲያው ምንም አልፈቱም። መጀመሪያ ከኪሳቸው ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) አወጡ። «ልጄ፣ እስቲ ግባና አስነሳት» አሉኝ። ቁልፉን ሳዞር ሁለት ቦታ ነክተው ለኩና ሳቁ። ከባትሪው ነጌቲቭ ተነሥቶ ሞተሩ ላይ የሚታሰረው ወፍራም ጥቁር ሽቦ ጫፉ ዝጎ ነበር። ብሎኑን ፈቱ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉት፣ አጥብቀው አሰሩት። ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ማኪያቶ ጋበዝኳቸው፤ ሌላ ነገር አልቀበልም አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቅደም ተከተሌ ተቀይሯል። መጀመሪያ አያለሁ፣ ቀጥሎ እለካለሁ፣ ከዚያ እፈታለሁ። መግዛት መጨረሻ ላይ ነው። ዛሬ ሶማሌ ተራ ወርዶ ዕቃ መግዛት ቀልድ አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ በኋላ ደግሞ ያለችን ቪትዝ ወይም ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት ልታገለግለን ነው። በግምት ዕቃ እየቀየርን አንዘልቀውም።

ምን ያስፈልጋችኋል?

ብዙ ነገር አያስፈልግም። አንድ ርካሽ ቴስተር፣ የእጅ መብራት፣ ጓንት፣ ባለ 10 እና ባለ 12 ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ አንድ ትልቅ ነጭ ካርቶን። መኪናችሁ ከ2000ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት ወዲህ የተሠራች ከሆነ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኝ፣ የመኪናዋ ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ የሚያነብ ትንሽ የኮድ ማንበቢያ ጨምሩ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አንዳንድ ቆየት ያሉ መኪኖች ከርካሽ ማንበቢያ ጋር ላይግባቡ ይችላሉ። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የጓደኛ ተውሳችሁ ሞክሩ።

ጥቂት ነገሮች ግን በቀልድ አይታለፉም። ሞተሩ ትኩስ ሳለ የራዲያተር ክዳን አትክፈቱ። በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ሥር አትግቡ። ነጠላችሁን፣ ሻርፓችሁን፣ የአንገት ሐብላችሁን አውልቁ፤ ፋኑ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እንኳ በድንገት ሊነሣ ይችላል። አንድ የድሮ ልማድም አለ፤ ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ ይሠራ እንደሆነ ለማየት ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ሽቦ መንቀል። በላዳ ዘመን ያስኬድ ይሆናል። ኮምፒውተር ባላት መኪና ላይ ግን ኮምፒውተሩን ልታቃጥሉ ትችላላችሁ። ማንም ቢመክራችሁ እሺ አትበሉ።

ኮፈን ከመክፈታችሁ በፊት

ሐኪም መጀመሪያ መርፌ አያወጣም፣ ይጠይቃል። እናንተም ራሳችሁን ጠይቁ፣ መልሱንም ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ችግሩ የሚመጣው ስትቀዘቅዝ ነው ወይስ ስትሞቅ? ቆማ ነው ወይስ ስትሄድ? ዝናብ ከጣለ በኋላ ይብሳል? መቼ ጀመረ?

ሁሉን የሚበልጠው ጥያቄ ይኼ ነው፦ ከመጀመሩ በፊት መጨረሻ የተነካው ምንድን ነው? ማታ ሬዲዮ ተገጥሞ ጠዋት ባትሪ ከሞተ፣ ባትሪውን ተዉት፤ ሬዲዮውን ተከተሉ። ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ተቀይሮ በማግስቱ መንቀጥቀጥ ከጀመረች፣ ሳይገባ የቀረ ሶኬት ይኖራል። ከማያቸው «ድንገተኛ» ብልሽቶች ግማሽ ያህሉ ታሪካቸው ሲጠየቅ ድንገተኛ አይደሉም።

«አልነሳም» ስትል

ይኼ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ። «መኪናዬ አልነሳም አለች» የሚለው አነጋገር ቢያንስ አራት የተለያዩ በሽታዎችን ይሸፍናል። የሚለያዩት በድምፅ ነው። መስኮት ዝጉ፣ ሬዲዮ አጥፉ፣ ቁልፉን አዙሩና አድምጡ።

ምንም ድምፅ ከሌለና የዳሽቦርድ መብራትም ካልበራ፣ ባትሪው ጨርሶ ሞቷል ወይም ሽቦው ለቋል። መብራቱ በደንብ በርቶ ሞተሪኖው ግን ጭጭ ካለ፣ አውቶማቲክ ከሆነች ማርሹን ከ«ፒ» ወደ «ኤን» አድርጋችሁ ሞክሩ። ከተነሣች ችግሩ ማርሹ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ስዊች ነው። በአዳዲሶቹ ማንዋሎች ደግሞ ፍሪሲዮን እስከ መጨረሻው ካልተረገጠ አትነሣም።

«ጠጠጠጠጠ» የሚል ፈጣን ድምፅ ከሰማችሁ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ባትሪው ላይ ያለው ማሰሪያ ላልቷል። አንዴ ብቻ ጠንከር ያለ «ጠቅ» ከሆነ ደግሞ ወይ ሞተሪኖው፣ ወይ እንደ እኔ ወፍራሙ ሽቦ ነው። አራተኛው ሞተሪኖው በደንብ እየዞረ ሞተሩ የማይነሣበት ነው። እሱን በኋላ ለብቻው እናየዋለን፤ ከባትሪ ጋር ግንኙነት የለውም።

አሁን ቴስተሩን አውጡ። ዲሲ ቮልት፣ 20 ላይ አድርጉት።

አንደኛ፣ መኪናዋ ጥቂት ሰዓት ከቆመች በኋላ ባትሪውን ለኩ። ቀዩን በፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን በነጌቲቭ። 12.6 ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ ነው። ከ12 በታች ከሆነ ቻርጅ ሳይደረግ ሌላ ነገር አትመርምሩ፤ ቀሪው ልኬት ሁሉ ያሳስታችኋል።

ሁለተኛ፣ ቴስተሩ እንደተያያዘ ሌላ ሰው ሞተሩን ያስነሣ። ቮልቱ መውረዱ አይቀርም። ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው፣ ቆሞ ሲለካ 12.6 ቢያሳይም፣ ውስጡ ደክሟል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ቆሞ ጎበዝ፣ ሥራ ሲሰጡት የሚተኛ ባትሪ ሞልቷል። ቮልቱ ከ11 በላይ ቆሞ መኪናዋ «ጠቅ» ብቻ ካለች ግን ባትሪውን ተዉት። ኃይሉ አለ፤ ሞተሪኖው ጋ አልደረሰም፣ ወይም ደርሶ ሞተሪኖው አልሠራበትም።

ሦስተኛ፣ አዛውንቱ ያደረጉት። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ባትሪው ነጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን ንጹሕ የሆነ የሞተር ብረት ላይ ያዙ። ሰው ቁልፉን ያዙር። ሽቦው ጤነኛ ከሆነ ቴስተሩ ዜሮ አካባቢ ይቆያል። ከ0.5 ቮልት ካለፈ ማሳው፣ ማለትም ያ ጥቁር ሽቦ፣ ዝጓል ወይም ላልቷል። የእኔዋ 2 ቮልት ነበር የምታሳየው። በዚያው መንገድ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ብሎን ድረስ ያለውን ቀይ ሽቦ ለኩ።

ሁለቱም ሽቦ ደህና፣ ባትሪውም ደህና ከሆነ እንግዲህ ሞተሪኖው ተጠርጣሪ ነው። አንድ ሰው ቁልፉን እያዞረ ሌላው ሞተሪኖውን በእንጨት ቀስ አድርጎ ሲነካው ከተነሣች ውስጡ ያለው ካርቦን አልቋል ማለት ነው። ማርሹ ገለልተኛ፣ የእጅ ፍሬኑም የተያዘ መሆኑን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ይቺ ዘዴ ወደ ጋራዥ ታደርሳችኋለች፤ ጥገና አይደለችም።

በሰው ባትሪ በኬብል የምታስነሡ ከሆነ ቅደም ተከተሉን አትርሱ። ቀዩን መጀመሪያ በሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ቀጥሎ በደህናው ፖዘቲቭ። ጥቁሩን በደህናው ነጌቲቭ፣ የመጨረሻውን ጫፍ ግን በሞተው ባትሪ ሳይሆን ራቅ ብሎ በሞተሩ ብረት ላይ። ባትሪ ሃይድሮጂን ይተፋል፤ ብልጭታው ከእሱ ይራቅ። አውቶማቲክ መኪና ደግሞ ተገፍቶ አይነሣም። የሠፈር ልጆችን በከንቱ አታድክሙ።

ዲናሞው ይሞላል ወይ?

መኪናዋ ተነሣች እንበል። ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን ለኩ። 13.8 እስከ 14.5 ከሆነ ዲናሞው ሥራ ላይ ነው። ትልቁን መብራት፣ ኤሲውን፣ የዝናብ መጥረጊያውን አብሩ። ከ13 በታች ከወረደ ዲናሞው አልቻለም። ከ15 ካለፈ ቮልት መቆጣጠሪያው ተበላሽቷል፤ ባትሪያችሁን እየቀቀለው ነው። በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ላይ ኮምፒውተሩ ሆን ብሎ ቮልቱን ዝቅ ከፍ ስለሚያደርግ፣ አንድ ጊዜ ዝቅ ቢል ወዲያው አትፍረዱ።

ዲናሞውን ከመውቀሳችሁ በፊት የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ እዩ። የተሰነጣጠቀ፣ ያብለጨለጨ ወይም የላላ ቺንጋ ጠዋት ስታስነሡ «ጭጭጭ» እያለ ይጮኻል፣ ዲናሞውንም በደንብ አያዞረውም። ቺንጋ ከዲናሞ በብዙ እጥፍ ይረክሳል።

ሌሊት ባትሪ የሚመጠጥ ከሆነ

ባትሪው አዲስ፣ ዲናሞው ጤነኛ፣ ግን ሁለት ቀን ከቆመች አትነሣም። እናንተ ተኝታችሁ ሳለ አንድ ነገር ባትሪውን እየጠጣ ነው። በእኛ አገር ተጠርጣሪዎቹ የታወቁ ናቸው፦ በኋላ የተገጠመ አላርም፣ ጂፒኤስ፣ ሬዲዮ፣ የማይጠፋ የዕቃ ማስቀመጫ መብራት። ሌላም አለ። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ የጃፓን መኪኖች ዳሽቦርድ ሥር ብዙ ጊዜ የተቀጠለና በፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ ይገኛል። የዳሽቦርድ ኤሌክትሪክ ጣጣ ሲገጥማችሁ መጀመሪያ እዚያ አጎንብሱ። ቢጫ መጠቅለያ ያለውን ሽቦ ግን አትንኩ፤ የኤርባግ ነው።

ለመለካት ቁልፉን አውጡ፣ የባትሪውን ነጌቲቭ ሽቦ ፍቱ። ቴስተሩን ወደ 10 አምፔር ቀይሩ፤ የቀዩን ሽቦ ሶኬትም ወደ 10 አምፔር ቀዳዳ አዛውሩ። ከዚያ አንዱን ጫፍ ከባትሪው ነጌቲቭ፣ ሌላውን ከፈታችሁት ሽቦ ጋር አገናኙ። በሮቹን ዝጉ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። የመኪናዋ ኮምፒውተሮች እስኪተኙ ጊዜ ይወስዳሉ። ከዚያ በኋላ ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ከሆነ ጤነኛ ነው። ከበለጠ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀሉ። የትኛው ሲነቀል ቁጥሩ ወደቀ? ሌባው እዚያ መስመር ላይ ነው። ቴስተሩ በዚህ ሁኔታ እያለ መኪናዋን ለማስነሣት አትሞክሩ፤ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል።

ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሣም

የቤንዚን ሞተር ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ነዳጅ፣ ብልጭታ፣ አየር። የጎደለውን ፈልጉ።

ከቀላሉ ጀምሩ። ነዳጅ አለ? አትሳቁ። የነዳጅ ጌጅ ይዋሻል፤ በተለይ ዳገት ላይ ስትቆም። ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምልክት ብልጭ ድርግም ይላል? እንግዲያው መኪናዋ ቁልፉን አላወቀችውም። ሁለተኛውን ቁልፍ ሞክሩ።

ቀጥሎ ነዳጅ ፓምፑን አድምጡ። ቁልፉን «ኦን» ላይ ስታደርጉ ከኋላ ወንበር ሥር ለሁለት ሴኮንድ ያህል «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ይመጣል። አንዳንድ ቶዮታዎች ላይ ፓምፑ የሚሠራው ሞተሪኖው ሲዞር ብቻ ስለሆነ ዝምታው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የፓምፑን ፊውዝና ሪሌ (ኤሌክትሪኩን የሚያበራና የሚያጠፋ ትንሽ ሳጥን) እዩ። ብዙ ጊዜ የክላክሱ ሪሌ ከነዳጁ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ቁጥራቸው አንድ ከሆነ አቀያይሩ። ከተነሣች በትንሽ ገንዘብ ተገላገላችሁ። በነገራችን ላይ ታንከር ውስጥ ያለውን ፓምፕ የሚያቀዘቅዘው ነዳጁ ራሱ ነው። ሁልጊዜ በቀይ መብራት የሚነዳ ሰው ፓምፕ ቶሎ ይቀይራል።

ለብልጭታው ካንዴላውን ፈትታችሁ እዩት። ፈካ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ሞተሩ በደንብ ያቃጥላል። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ነዳጅ በዝቷል ወይም አየር አንሷል ይላችኋል። በዘይት የራሰ ካንዴላ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እየገባ መሆኑን ያሳያል። ነጣ ብሎ ጫፉ የቀለጠ ከሆነ ከመጠን በላይ ሞቋል። ነዳጅ ነዳጅ የሚሸት እርጥብ ከሆነ ነዳጁ ደርሷል፤ የጠፋው ብልጭታው ነው። የኮይል (ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠው ዕቃ) ሽቦ በእጅ ይዞ ብልጭታ መፈተሽ የሚወዱ ሰዎች አሉ። በአዲስ መኪና ላይ አታድርጉት፤ ከባድ ምት ነው።

አየሩ ብዙ ጊዜ አይጠፋም። የአየር ፊልትሮው ግን በበጋ አቧራ ተደፍኖ እንደ ጡብ ሆኖ አይቻለሁ።

ስትሞቅ

ብልሽቶችን በክፋታቸው ደርድር ብትሉኝ ይኼን አንደኛ አደርጋለሁ። አለመነሣት ሥራ ያስቀራችኋል። ሙቀት ግን በአሥር ደቂቃ ሞተር ይጨርሳል።

አዲስ አበባ ላይ የሚለይ ነገር አለ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተር ደግሞ በተለመደው ሥራው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚኖረው። ታዲያ ለምን ሁሉም መኪና አይፈላም? ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ውስጥ ያለው ስፕሪንግና ጎማ ግፊቱን ጠብቆ ውሃው ሳይፈላ ከ100 በላይ እንዲሞቅ ያደርገዋል። ጎማው የተሰነጠቀ ክዳን ሌላ አገር ብዙ ላይጎዳ ይችላል፤ እኛ ጋ ግን እንጦጦ ዳገት ላይ ያስቆማችኋል። ስለዚህ ማንም «ራዲያተር ይታጠብ» ሳይላችሁ በፊት ክዳኑን እዩ፣ ተጠራጠሩ፣ ቀይሩ።

የሙቀት ጌጁ ወደ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ ኤሲ አጥፉ፣ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። ማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ ሙቀቱን ይቀንሳል። ላብ ያጠምቃችኋል፣ ግን ሞተሩን ያድናል። ሞተሩን አጥፉና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። በትኩስ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል።

ከቀዘቀዘ በኋላ ምርመራው ይጀመራል። የምትሞቀው መቼ ነው?

ትራፊክ ላይ ቆማ ብቻ ሞቃ ስትሄድ የምትበርድ ከሆነ ፋኑን ጠርጥሩ። ሞተሩን አስነሡና ኤሲ አብሩ፤ በአብዛኞቹ መኪኖች ፋኑ ወዲያው መዞር አለበት። ካልዞረ ፊውዙን፣ ሪሌውን፣ ከዚያ የፋኑን ሞተር እዩ።

ዳገት ላይ ወይም ወደ አዳማ በፍጥነት መንገዱ ስትሄዱ ብቻ የምትሞቅ ከሆነ ፋኑ አይደለም፤ ነፋሱ በቂ ነው። ራዲያተሩ ከውስጥ በዝገትና በደለል ተደፍኗል፣ ወይም ከውጭ በአፈርና በነፍሳት ተሸፍኗል፣ ወይም የውሃ ፓምፑ ደክሟል። ራዲያተራችን የሚደፈንበት ዋናው ምክንያት ደግሞ የቧንቧ ውሃ ነው። ኩላንት (ለራዲያተር የተሠራው ባለቀለም ፈሳሽ) ውሃው በረዶ እንዳይሆን ብቻ የሚጨመር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ዝገትንም ይከላከላል፣ የመፍላት ነጥቡንም ከፍ ያደርጋል።

ጌጁ ወጥቶ ማሞቂያው ግን ቀዝቃዛ አየር ከሰጠ ውሃው ጎድሏል ወይም አየር ታፍኗል። ወዲያው አጥፉ። ጌጁ ራሱም ሊዋሻችሁ ይችላል፤ ውሃ ባዶ ሲሆን ሴንሰሩ የሚለካው ያጣል።

ከተነሣች ገና ጥቂት ደቂቃ ሆኗት የላይኛው የራዲያተር ጎማ ቱቦ ሞቆ የታችኛው ቀዝቃዛ ቢሆን ልክ ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን በራዲያተሩ የሚያሳልፈው ቴርሞስታት ገና አልተከፈተም። ጌጁ ወጥቶም የታችኛው ቀዝቃዛ ከሆነ ግን ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቷል፣ ወይም ራዲያተሩ አያሳልፍም። እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ብዙ ጋራዥ ውስጥ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል እንደ መፍትሔ ይቆጠራል። «ለእኛ አገር አያስፈልግም» ይላሉ። ሞተሩ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ይሠራል፣ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይጨምራል፣ ሞተሩ ቶሎ ይበላል። አዲስ ቴርሞስታት አስገጥሙ።

የሚያስፈራው የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ መበላሸቱ ነው። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ የዘይት ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ዝቃጭ፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ እንኳ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ፤ የሚታይ ፍሳሽ ሳይኖር ውሃ መጉደል፤ ቀዝቃዛውን ሞተር ስታስነሡ በደቂቃ ውስጥ እንደ ድንጋይ የሚደርቅ የራዲያተር ቱቦ፤ ተጠባባቂው ጋን ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ። አንዱ ብቻውን አይበቃም። በብርድ ጠዋት አጭር ጉዞ ብቻ የምታደርግ መኪና ክዳኗ ሥር ትንሽ ነጭ ነገር ሊኖር ይችላል። ሁለት ሦስቱ ከተገናኙ ግን አትንዷት።

ያዘጋጃችሁት ነጭ ካርቶንም እዚህ ይሠራል። ማታ ከሞተሩ ሥር አድርጉት፣ ጠዋት ጠብታውን እዩ። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ከሆነ ኩላንት ነው። ጥቁር ቡናማ የሞተር ዘይት፣ ቀይ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት። ጎማ አጠገብ የወደቀ ቀጭን ፈሳሽ የፍሬን ሊሆን ይችላል። ኤሲ ከተጠቀማችሁ በኋላ የሚንጠባጠብ ንጹሕ ውሃ ችግር የለውም።

መንቀጥቀጥና የሞተር መብራት

ቢጫው የሞተር ምልክት ቋሚ ሆኖ ከበራ ጊዜ አላችሁ። ብልጭ ድርግም ካለ ግን ቤንዚኑ ሳይቃጠል ወደ ጭስ ማውጫው እየሄደ ነው። እዚያ ያለው ጭስ አጣሪ፣ ካታላይዘሩ፣ ይቀልጣል። እግራችሁን ከነዳጅ አንሡና ቁሙ።

ኮድ ማንበቢያውን ሰኩ። እዚህ ላይ ሰዎች ሲሳሳቱ አያለሁ። ኮዱ ችግሩ የታየበትን ቦታ ይነግራችኋል፤ ምን ዕቃ እንደሚቀየር አይነግራችሁም። ለምሳሌ «ፒ0171» የአየርና የነዳጅ ድብልቁ አየር በዝቶበታል ማለት ነው። ብዙ ሰው ይኼን አይቶ ኦክስጅን ሴንሰር ይገዛል። ሴንሰሩ ግን ያየውን ነው የተናገረው። የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ በአቧራ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ወይም የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ቀድሞ ይታይ።

«ፒ0301» ከሆነ ቁጥር አንድ ሲሊንደር አያቃጥልም። እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ኮይል ካለው አንድም ብር ሳታወጡ መመርመር ትችላላችሁ። የአንደኛውን ኮይል ወደ ሁለተኛው፣ የሁለተኛውን ወደ አንደኛው አዛውሩ። ኮዱን አጥፉ፣ ትንሽ ንዱ። ኮዱ «ፒ0302» ሆኖ ከመጣ ጥፋቱ ከኮይሉ ጋር ሄዷል፤ አንድ ኮይል ግዙ። ካልተነቃነቀ ካንዴላውን በዚያው መንገድ ሞክሩ። እሱም ካልሆነ ወደ ኢንጀክተርና ወደ ኮምፕሬሽን ልኬት እንሄዳለን። ያን ጊዜ መካኒክ ጥሩ።

ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ) ብቻ የምትንቀጠቀጥና ስትነዱ የምትስተካከል ከሆነ አየር የሚያስገባው ስሮትል በጥቀርሻ ቆሽሿል ወይም አየር በሌላ በኩል ይገባል። ካርቡራተር ያላት የድሮ ኮሮላ ዲኤክስ ካለቻችሁ ማንበቢያውን ለጎረቤት ስጡ። ለእናንተ ጆሮና ካቻቢቴ ይበቃል።

ጭሱም ይናገራል። ሰማያዊ ዘይት፣ ጥቁር ነዳጅ፣ የማያቋርጥ ነጭ ውሃ ነው።

ፍሬንና የፊት እግር

ፍሬን ላይ መሞከር አልወድም፤ ራሳችሁ መርምሩ፣ ጥገናውን ለሚያውቅ ስጡ። ስትይዙ «ሲጥ» የሚል ቀጭን ድምፅ የፍሬን ሸራው ማለቁን የሚያስታውቅ ነው። ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚሰማ ከሆነ አልቆ ዲስኩን እየበላ ነው። ፔዳሉ ቢንቀጠቀጥ ዲስኩ ወጣ ገባ ሆኗል። መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ብትጎትት፣ ከጉዞ በኋላ ጎማዎቹን በእጅ ቀረብ አድርጋችሁ ሙቀታቸውን አወዳድሩ። አንዱ ለብቻው ከጋለ ፍሬኑ ተጣብቆ ቀርቷል። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ቢሆን ወይም ቀስ እያለ ወለል ቢነካ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አትንዱ።

ዓባይ በረሃን ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሄደ ሰው የጋለ ፍሬን ሽታ ያውቃል። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ከወረዳችሁ ፈሳሹ ይፈላል፣ ፔዳሉም ይጠፋል። ያረጀ የፍሬን ፈሳሽ እርጥበት ስለሚጠጣ ቀድሞ ይፈላል። በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ።

የፊት እግሩ በድምፁ ይለያል። ኮብልስቶን ላይ «ኳኳ» ቦኮላ (መገጣጠሚያ ላይ ያለ ጎማ) ወይም አሞርዛተር (ንዝረት የሚያበርደው) ነው። መሪ እስከ መጨረሻው አዙራችሁ ስትነዱ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ካለ ለጎማው ኃይል የሚያደርሰው አክስል መገጣጠሚያ አልቋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቅባት የሚይዘው ጎማ ተቀድዶ አቧራ ገብቶበት ነው። ፍጥነት ሲጨምር እየበረታ የሚሄድ «ኡኡኡ» የሚል ድምፅ ኩሽኔት (ጎማው የሚዞርበት ባለኳስ ቀለበት) ነው። ከ80 በላይ መሪው ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ ባላንስ አሠሩ።

የኤሌክትሪክ መኪና ለያዛችሁም

ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ መኪናው ጭራሽ አልበራም ካለ አትደንግጡ። እነሱም ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አላቸው፣ ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው እሱ ነው። ከላይ የጻፍኩት የባትሪና የማሳ ማጽዳት ነገር ለእነሱም ይሠራል። የቮልት ቁጥሩ እንደ ባትሪው ዓይነት ይለያያል። ብርቱካናማ ሽቦ ካያችሁ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። በውስጡ ያለው መቶዎች ቮልት ነው፤ የሰለጠነ ሰው ብቻ ይንካው።

ጋራዥ ስትገቡ

«ሞተሪኖ ቀይሩልኝ» አትበሉ። ሞተሪኖው ይቀየርላችኋል፣ ሒሳቡም ይመጣል። «ስትቀዘቅዝ አንዴ ጠቅ ትላለች፤ ባትሪው 12.5 ነው፤ ስናስነሣ ከ11 አይወርድም» በሉ። ጥሩ መካኒክ ይኼን ሲሰማ ፊቱ ይፈታል። ግማሹን ሥራ ሠርታችሁለታል። የሚቆጣ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ በፌስታል አስጠቅልላችሁ ውሰዱ። ለሌላ ምርመራ ይጠቅማል፤ መቀየሩንም ታውቃላችሁ።

ድምፁንም በስልክ ቅረጹት፤ ኮፈኑ ተከፍቶ አንዴ፣ ውስጥ ተቀምጣችሁ አንዴ። እነዚህ መኪኖች አመል አላቸው። ሳምንቱን ሙሉ ስትጮኽ የከረመች፣ መካኒኩ ፊት ስትቆም እንደ ሙሽራ ጭምት ትሆናለች።